አንድ አሥራ አንደኛ

ደብዳቤው ማክሰኞ መጣ፣ በግማሽ ሉክ ተጽፎ፣
የፊርማዋ ጅራት እንደ ልማዷ ከመስመሩ አልፎ።
«ከማኅበሩ ወጥቻለሁ። ድርሻዬ ይታሰብልኝ።»
ምክንያት የለው። ስድብ ቢኖርበት እንዴት በቀለለኝ።

አንቀጽ አሥራ አራት፦ አባል ሲወጣ ንብረት ይገመታል፣
ዕዳ ይቀነሳል፣ ቀሪው በሦስት ወር ውስጥ ይከፈላል።
እኔው ነኝ ያረቀቅኩት፣ የዛሬ ሰባት ዓመት፤
ሸምሲያ «አቦ፣ ማን ሊወጣ!» ብላ የሣቀችበት።

ወሬው ብዙ ነው። አንዱ «ልጇን ልትድር ነው» ይላል፣
ጋሽ ልሳነወርቅ «ሊቀመንበርነቱ ቀርቶባት ከፍቷታል»።
እኔ የምጠረጥረው ራሴን ነው፤
ባለፈው ሐምሌ ያመጣችውን መዋጮ
ፊቷ ሁለቴ ቆጠርኩት።
ምንም አላለች። ጣቶቼን ብቻ ነው ያየችው።

ከፊራ፣ መጋዘናችን ውስጥ፣ በቀትር ሙቀት ቆሜ
ማሽኑን እገምታለሁ፣ መነጽሬን ደጋግሜ
በሸሚዜ ጫፍ እየጠረግሁ።
በረዶ መሥራቱን አልተወም፤ በወረቀት ላይ ግን ያረጃል፣
በየዓመቱ ከመቶ አሥር ከዋጋው ላይ ይሟሟል።
ጄኔሬተሩ ያስላል። ሁለት ጋሪ፣ አንዱ ጎማ የሌለው።
የጭማቂ ቤቱ ዱቤ፣ ከግንቦት ወዲህ ያልተከፈለው።
ደምሬ፣ ቀንሼ፣ ለአሥራ አንድ አካፈልኩ፤
ሰማንያ ስድስት ሺህ አራት መቶ። ደግሜ አየሁ። ልክ ነኝ አልኩ።

ልክ አልነበርኩም።
ደቻቱ ሞልቶ ያደረ ሌሊት፣ ደረቁ አሸዋ ወንዝ የሆነ ለት፣
ውሃው በበሩ ሥር ሲገባ፣ እሷ ነች በባጃጅ የደረሰች፣
ከሱቋ ስምንት ጣቃ ፖፕሊን አምጥታ ስንጥቁን የደፈነች።
ጠዋት ማሽኑ ደረቅ ነበር። ጨርቁ ጭቃ።
መዝገቡን ሦስቴ ገለጥኩ፤ የለም፣ አንድም ጣቃ።

«ደረሰኝ አለው?» አለ ጋሽ ልሳነወርቅ።

ብሩን በፌስታል ይዤ ታይዋን ሱቋ ሄድኩ፣
የጨርቁንም ነገር፣ እየተንተባተብኩ፣ አነሣሁ።
ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ሰማችኝ።
«እሱን እንዳትጽፈው» አለች። «እሱን አላወጣሁም።»
ፈረመች። ብሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤
አልቆጠረችም።

ሐሙስ በረዶ ልትገዛ መጣች፣ ለሠርግ፣ ሁለት ግንድ።
የማን ሠርግ እንደሆነ አልጠየቅኩም።
ሙሉ ዋጋ ከፈለች፣ እንደ ማንም ሰው ተሰልፋ።
ጋሪው እያንጠባጠበ ሲሄድ የውሃውን መስመር
በዓይኔ ተከተልኩት፤
ማዞሪያው ጋ ሳይደርስ ፀሐይ ጠጣችው።