የተጋደመው ንስር

ላይፕዚግ፣ ፕላግቪትስ፣ ከቦዩ ማዶ ዳር፣
አሥራ ሁለት ማጠቢያ ሲዞር የሚያድር፤
እኔ ነኝ ቁልፍ ያዢ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲል
ሆዳቸውን ከፍቼ የዋጡትን ሳንቲም አወጣለሁ በቁልል።
አንዳንዴ ቁልፍ አለ፣ የሸሚዝ፣ የኮት፣
አንዳንዴ የቱርክ ሊራ፣ ሁለት ዩሮ መስሎ የገባ በድፍረት።
ሰባተኛዋ ማሽን የምትውጠው አይታወቅም፤
ባለፈው ሳምንት ጥርስ ተፋች፣ ባለቤቱ እስካሁን አልመጣም።

ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል ናውንዶርፍ፣ ሽማግሌው ሎታር፣
በአንድ እጁ ንጹሕ ፎጣ፣ በአንድ እጁ አጉሊ መነጽር።
ፎጣው ሰበብ ነው።
ሃምሳ ዩሮ በወረቀት ይሰጠኛል፤ ሃምሳ በሳንቲም እሰጠዋለሁ፤
ከማድረቂያው ጎን ተቀምጦ ሲያገላብጥ አየዋለሁ።

ማተሚያ ቤት ነበር፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣
ሥራው ስሕተት ማደን፣ አድኖ ማጥፋት፤
የዘለለ ፊደል፣ የተገለበጠ፣
በቀይ እርሳሱ ጫፍ ስንቱን እንደቆረጠ!
«አሁን» ይላል፣ «ዕዳ ነው የምከፍል፤
ያን ሁሉ ካጠፋሁ፣ አንዷን እንኳ ባተርፍ ምናል!»

ስሜን ሲጠራ «ቩብነሽ» ነው የሚለኝ።
ውብነሽ ነኝ። አላረምኩትም፤
በእሱ አፍ እንዲህ ተቀርጾ ወጥቷልና፣ ተመቸኝ።

«እንዲህ ያዣት» አለኝ፣ «በአናትና በእግሯ፣ በሁለት ጣት፤
ካርታው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ከዚያ ወደ ጎን አሽከርክሪያት።
ንስሩም ቀጥ ካለ ደህና ልጅ ነው፣ መልሺው ወደ ገበያው፤
ካዘነበለ ግን…» ዝም አለ። አጉረመረመ ማድረቂያው።
አ የበርሊን፣ ዴ የሙኒክ፣ ኤፍ የሽቱትጋርት፣
ጌ የካርልስሩኸ፣ ዮት የሀምቡርግ፤
እንደ ሀሁ አስቆጠረኝ፣ የአምስት መዶሻ ምልክት።

ከዚያ ወዲያ እጄ አላርፍ አለ፤
ትራም ላይ፣ ዳቦ ቤት፣ መልሱ መዳፌ ላይ ገና እንዳለ
አሽከረክራለሁ።
ሻጯ ተኮሳትራ፣ «ሐሰተኛ መሰለችሽ?» አለች።
የለም፤ እኔ የምሻት እውነተኛዋን ናት፣
እውነተኛ ሆና የሳተች።

የካቲት ላይ ነው፣ ቦዩ በረዶ ለብሶ፣
ከሰባተኛዋ ሆድ አንድ ዩሮ ወጣ፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት ተልሶ።
ካርታው ቀጥ። አሽከረከርኩ።
ንስሩ በጎኑ ተኝቷል፤
አንዱ ክንፍ ወደ ምድር፣ አንዱ ወደ ሰማይ ዞሯል፤
ከዋክብቱም እንዳሉ አብረውት ተጋድመዋል።
አሥራ ስምንት ዓመት በስንት ኪስ፣ በስንት እጅ ዞሮ፣
ዳቦ ገዝቶ፣ ቢራ ገዝቶ፣ ለለማኝ ተወርውሮ፣
ማንም ቀና በል አላለውም፤ ማንም አላየው አሽከርክሮ።

አራት ሌሊት ጠበቅሁ፣ እንደ እንቁላል ይዤው፣ በናፕኪን ጠቅልዬ።
ማክሰኞ ናውንዶርፍ መጣ፤ «እንካ» አልኩት፣ ከጉያዬ።

አጉሊውን ደቀነ። አራቀ። አቀረበ። ወደ መብራቱ ዞረ።
«ቩብነሽ፣ ከገና ወዲህ ዓይኔ… መሐሉ ጠቆረ።
ዳር ዳሩን ብቻ ነው የማየው። ንገሪኝ፣ ንስሩ እንዴት ነው?»
«ተጋድሟል።»
«ወደ የት?»
«ወደ ቀኝ፤ ልክ ሥራ ውሎ እንደ ተኛ ሰው ነው።»
አውራ ጣቱን አሳለፈበት፣ እንደ ድሮው የእርሳስ ፊደል፣ በዝግታ፤
ሳቀ ወይስ ሳለ አልለየሁም፣ በማሽኖቹ ጫጫታ።

«ስንት ነው?» አለ።
«አንድ ዩሮ ነዋ! ተጽፎበት የለ?»
ከኮቱ ኪስ ፈልጎ አንዱን ሰጠኝ፣ ጤነኛውን፤
እኔም ለልማድ አሽከርክሬ አየሁት፣ ቀጥ ማለቱን።

ፎጣውን ረስቶ ሄደ። ንጹሕ ነበረ፤ ቢሆንም
ሰባተኛዋ ላይ አጠብኩለት፣ በዚያው በሰጠኝ ዩሮ።
ዋጠች። ምንም አልተፋችም።