ስኳር አለባት

ላባሳ፣ ነሐሴ፤ አገዳ ይፈጫል፣
የፋብሪካው ትንፋሽ በመስኮት ይገባል፣
የዋርዱ አንሶላ ሞላሰስ ይሸታል።

ሰማያዊ ፈሳሽ ቪሊያሜ ቀድቶ፣
ስምንት ጠብታ ሽንት ከፉልማቲ አምጥቶ
አፈላው። አረንጓዴ፤ ቢጫ፤ የሸክላ ቀይ።
«ስኳር አለባት» አለ ሐኪሙ፣ ፊቷን ሳያይ።

ፉልማቲ ዝም አለች። እናቷን በዚህ ስም
እግሯን ቆርጠዋታል፤ መቁረጡ አልጠቀመም።
የአሥራ ሁለት ቀን ልጇ እቅፏ ውስጥ ያዛጋል።

ቪሊያሜ ብዕሩን አንስቶ መለሰው፤
ቀዩ «ስኳር» ይላል፣ ስሙን ግን አይነግረው።
ሌላውን ብልቃጥ በፌኒልሃይድራዚን
ቀቀለ፤ ጠበቀ፤ ፈለገ መርፌውን።
የደም ስኳር ቢሆን፣ ውሃው ገና ሲፍለቀለቅ፣
እንደ አጫጅ ነዶ ነው ቶሎ የሚታሰር፣ የሚደምቅ።
ምንም።

እሳቱን አጠፋ። የምሳ ደወል አለፈው።
ሲበርድ፣ በጣም ሲበርድ፣ ከብልቃጡ ወለል
ቢጫ ነገር ዘቅጦ፤ በማይክሮስኮፕ ሲያየው
ባዘቶ። የጥጥ ባዘቶ።
እዚያም ባዘቶ።

የወተት ስኳር ነው! ጡቷ ሞልቶ ተርፎ
በደሟ የመጣ፣ ኩላሊቷን አልፎ።
እጁን በጋውኑ ጠረገና፣
ሐኪሙ ካለው ቃል አንዲት ፊደል ሳይፍቅ
ከሥሩ ጨመረ፦
«ስኳር አለባት፤
የልጇ ነው።»