ለሚወጣ ቅድሚያ

ሐረጎ ቁልቁለት፣ ሦስተኛው እጥፋት ላይ፣
ነጭ መደብ፣ ቀይ ጠርዝ፣ ከሩቅ የሚታይ፣
መሐሉ እባብ መሳይ ጥቁር መስመር ያለው፣
ያ ምልክት የኔ ነው፤ እጄ ነው የሠራው።
መንገዶች መሥሪያ ቤት በሰሌዳ ቆጥሮ
ሃያ ሦስት ዓመት አበላኝ መንዝሮ።

አሁን በስተርጅና፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣
ከልጆች ተርታ ነኝ፣ መኪና ልማር።
ልጄ ዘሃራ ናት፤ ሱዙኪ ገዛችና
«ንዳት» አለች፣ «አባ፣ እጅህ ጽኑ ነውና»።
እጄስ ጽኑ ነበር፤ እግሬ ነው የጠፋው፣
ሦስት ፔዳል ተደርድሮ ለሁለት እግር ሲሰፋው።

ከጎኔ ጦይባ፣ ማስቲካ እያኘከች፣
ምልክቱን ሁሉ እንደ ውሃ ጠጣች፤
ቀይ ክብ ከሆነ ይከለክላል፣
ሰማያዊ ክብ ያስገድዳል፣
ስምንት ማዕዘን፣ ቁም፤
ተገልብጣ የቆመች ሦስት ማዕዘን፣ አትቅደም።
እኔ ግን በየሰሌዳው የማየው ብሩሼን፣
ያልተከፈለኝን ውዝፍ፣ በአኳራጂ የታጠበ ጣቴን።

አሠልጣኛችን ይማም የሬዲዮ አንቴና ዘርግቶ
«ይህቺስ ምንድነች?» አለኝ፣ አንዷን ሥዕል ነክቶ።
«ነጩ ነው የሚቀድመው፤ ቀዩ ቀድሞ አይቀባም፤
ክረምት አይሞከርም፣ በጉም ቀለም አይደርቅም፤
አንድ ቀን ከጦሳ ወርዶ ጠርዙን ሁሉ...»
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
ይማም አልሳቀም። አንቴናውን አጠፈ።
«ጋሼ፣ ምን ትላለች ነው ያልሁት፤ ከምን ተሠራች አላልሁም።»

ከዚያ የሙከራ ፈተና። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ጸጥታ።
ጠባብ ዳገት ላይ ሁለት መኪና ፊት ለፊት ቢገናኙ
ቅድሚያው የማን ነው?
ሀ. የሚወርደው። ለ. የሚወጣው። ሐ. ትልቁ። መ. መልሱ የለም።
እኔ ባደግሁበት ቤት
ታላቅ ሳይዘረጋ ታናሽ ከገበታው አይቆርስም።
«ሐ»ን አከበብሁ።
ወደቅሁ፤ በአንድ ነጥብ።
«‹ለ› ነበር ጋሼ» አለችኝ ጦይባ፣ ማስቲካዋን ወደ ጉንጯ ገፍታ፤
«ወራጅ ቢቆም ምን ይሆናል? ወጪው ነው መከረኛ፣
ጭኖ ዳገት ላይ ከቆመ፣ መነሻ የለው ዳግመኛ።»

ማክሰኞ በጥዋት፣ በይማም ኮሮላ፣
ጽሑፍ አየሁ ድንገት ከመኪናው ኋላ፤
«ለማጅ» ይላል፣ በቢጫ። የ‹ማ› እግሯ ዘንበል ያለች።
አወቅኋት።
ስንቱን ስታስተምር ኖራ አሁን ለኔ ደረሰች።

ሐረጎን ወረድን። ጉሙ መስታወቱን ላሰው።
«ፎሌ እንዳታደርጋት፤ ሁለተኛ ማርሽ፤ ፍሬን ብቻውን አትመነው።»
አንደኛው እጥፋት።
ሁለተኛው፤ ጥሩምባ።
ሦስተኛው ጋ፣ ከኮምቦልቻ በኩል ሲኖትራክ እያቃሰተ መጣ፣
ብረት እስከ አፉ ጭኖ፤ ሹፌሩ ጢም እንኳ አላወጣ።
እኔ ስድሳ ሦስቴን ይዤ
ዳር ያዝሁ።
ቆምሁ። የእጅ ፍሬን ሳብሁ።
በመዳፌ፣ እለፍ አልሁት።
ሁለቴ ነፋልኝ፤ ጭሱን በጎናችን ጥሎ ወጣ።

ጭሱ ሲገለጥ ዳር ላይ ቆማለች፣ ያቺው የኔ፤
ቀይዋ ወደ ሮዝ ሄዳ፣ ነጯ ወይባ፣
ሦስት ጥይት በስቷት።
መቼ ተብሎ የደሴ ሰው አይጠየቅም።
በቀዳዳዎቹ ወዲያ ማዶ ጉም ያልፋል።

«ይህቺስ ምንድነች?» አለኝ ይማም፣ አንቴናውን ሳይዝ።
«ጠመዝማዛ መንገድ። ቀስ በል ትላለች።»
«እሺ።»
«ደግሞ ቀለም ትፈልጋለች።»
«የእጅ ፍሬኑን ልቀቅ ጋሼ፤ ከኋላችን ሰው ቆሟል።»