የባሕር ባቄላ

ከሃይፋ ወደብ ወጣን፣ የቀርሜሎስ መብራት ራቀ፤
ጠርሙሱ በገመድ ወርዶ መቶ ሜትር ዘለቀ፤
ሲመለስ የያዘው ውሃ ከብርጭቆው ይልቅ ጠራ፤
«እንዴት ያምራል!» አለ ኤያል፣ ራሱ የሠራው ይመስል ኮራ።

እኔ ግን ዝም አልኩ።
የጠራ ባሕር የራበው ነው፤ ይህን በሥራዬ አወቅኩ።
አረንጓዴ የለው፣ ደለል የለው፣ ዓሣውም ከስንት አንዴ፤
ውበቱ ክሳት ነው እንጂ፣ ሰማያዊ ይበላል እንዴ?

ናይትሮጅን ሞልቶ ሳለ በላዩ ላይ፣ በነፋሱ፣
ከምንተነፍሰው አየር ካምስት እጅ አራቱ እሱ፣
አንዲት ጉርሻ አይቀምስም፤ ተቆልፏል በሦስት ቁልፍ፤
ደጅ ቆሞ እንደ መራብ ነው፣ ጎተራው ሞልቶ ሲተርፍ።

ቂርያት ያም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣
አባቴ ቢያድግልኝ ጠየቀኝ፣ ጨው የጋገረበትን ጫማዬን ገልብጦ፦
«ወገራ ሳለን መሬት ሲደክም፣ ገብሱ ሲቀጥን እንደ ክር፣
እህሉን ትተን ለዓመቱ ባቄላ ነው የምንዘራው ነበር።
ነቅለሽ ብታዪው ሥሩ ላይ ኪንታሮት የመሰለ አለበት፤
ለምን እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ከርሞ ገብሱ ያምርበት።
እዚህም መሬቱን ያሳርፋሉ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው፤
እሱን ግን» አለ፣ በጣቱ ምዕራቡን እያሳየኝ፣
«እሱን ግን ማን አሳረፈው?»

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን በዱቤ ወሰድኩ።

ነጋዴ ብሩን አቅልሞ ሌባውን እንደሚጠብቅ፣
ምልክት ያለው ናይትሮጅን በየጠርሙሱ በመርፌ ሰጠሁ፣
ማን እንደሚበላው እንድናውቅ።
አንዱ ጠርሙስ፣ ዜሮ።
ሌላውም ዜሮ።
ሦስት ጉዞ ሄድን፣ መዝገቤ ባዶ ከበሮ።

ከሰሐራ አቧራ መጣ፣ ሰማዩን በሽሮ ለውሶ፤
ሃይፋ መስኮቷን ዘጋች፣ መኪናው አፈር ለብሶ፤
ሰዉ ሳለ፣ ሰዉ ተራገመ፤
ባሕሩ ግን አፉን ከፍቶ ብረቱን እንደ ጥሬ ቃመ።

በሳምንቱ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የተቀዳ፣
ጠርሙስ ቁጥር ዐሥራ ሰባት ቆጠረ፣ ሆነብን እንግዳ።
በማጉያው ጎንበስ ብዬ አየኋቸው፣
ብርቱካንማ ነጥቦች፤ ሺ ቢሰለፉ ጥፍሬን አይሞሉም፣ ዓይን የላቸው፣ እጅ የላቸው።
ቀን ቀን ፀሐይ ያከማቻሉ፤ ኦክስጅን ቁልፋቸውን ያዝገዋልና፣
ጨለማ ሲሆን ነው ከጉያቸው የሚያወጡት፣ እንደገና።
ሦስቱንም ይፈቱታል፤ ከነፋስ ቀለብ ይሠራሉ፤
ሲሞቱ፣ ሲበሉ፣ ሲፈስሱ፣ ጎረቤቱን ያበላሉ።

ያባቴ ሥራ ትዝ አለኝ፦ የወደቡ በር ዘበኛ፣
ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌሊት፣ እኛ ስንነሣ ሲተኛ።
ደብተሩን፣ ጫማውን፣ የሽርሽሩን ክፍያ
ማን ሰጠ ብለን አልጠየቅንም።
ቤት ውስጥ ነበረ፤ በቃ። እንደ አየር።

ጠዋት ደወልኩለት።
«አባ፣ ባሕሩም ባቄላ አለው።»
«ጠርጥሬ ነበር» አለ፤ «እንጂማ ዓሣው በምን ኖረ?
ስንት አገኛችሁ ታዲያ?»
«አንድ ጠርሙስ። ከሃምሳ ሁለት።»
«ለዘር ይበቃል» አለና ስልኩን ዘጋ፣
ሊተኛ፣ ቀን ቀን፣ እንደ ለመደበት።