የተነከሰው መጽሐፍ

በየሁለት ሳምንቱ፣ ሐሙስ አመሻሽ ላይ፣
ገና በዘጠኝ ሰዓት ሲጠቁር የጎተንበርግ ሰማይ፣
ከልብስ ማጠቢያው ጎን አንድ አውቶቡስ ይቆማል፤
ወንበሩ ተነቅሎ መደርደሪያ ሞልቶታል።

እኔ ትራም ነጂ ነኝ፤ ሰው አሳፍሬ አዳሪ፤
በር ከፋች፣ በር ዘጊ፣ ፌርማታ ጠሪ።
የዚህኛው ሹፌር ግን ልጄ ፍኖት ናት፣
ሦስት ዓመት ከመንፈቅ፣ ቀይ ጓንት፣ የሚያንጠባጥብ አፍንጫ ያላት።
ጣቴን ይዛ ትጎትታለች፤ "ቶሎ በል አባዬ፣ እንዳይሄድብን!"
እግሬን ይይዘኛል፣ ያ ሁሉ ፊደል ሲያየን።

ሽበታሟ ጉኔል፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
"ምን አማረሽ ዛሬ?" አለቻት፣ ተንበርክካ ከቁመቷ ጋር ተስተካክላ።
ልጄም አንዱን መዘዘች፣ ጥጉ የተነከሰውን፣
አራት ጥርስ ያለው አንባቢ ቀድሞን የቀመሰውን።
የአንድ ፍልፈል ታሪክ ነው፣ አንድ እግር ቦቲው የጠፋበት፤
ከገጽ እስከ ገጽ ዝናብ፣ ልክ እንደኛው ሰፈር ሰማይ ተቀዶበት።

ማታ ፍራሹ ላይ፣ እግሯን ሆዴ ላይ ጥላ፣
"ተረት ተረት" አልኳት።
"የላም በረት!" አለች፤ ላም የምታውቃት ወተት ካርቶን ላይ ተስላ።
ከዚያማ ስዊድንኛው እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬን ያዘኝ፤
ፊደሉን አውቀዋለሁ፤ ቃል ሲሆን ግን አላወቀኝ።
ጽሑፉን ዘልዬ ሥዕሉን ተረኩት፤
ፍልፈሉን ሻምበል ብዬ ሾምኩት፣ ሚስት ዳርኩለት፣ ዕዳ አስገባሁት።
በማግስቱ ሌላ፤ ቦቲውን ጅብ በላው፤
በሦስተኛው ሌሊት ቦቲው ተነሥቶ ጅቡን በላው።

ፍኖት ተነሥታ ተቀመጠች፤ ጣቷን መስመሩ ላይ አሳረፈች።
"አባዬ፣ ይኼ ጥቁር ጥቁሩ ምን ይላል?" ብላ ጠየቀች።
ገለጠች፤ ደግማ ገለጠች። "ጅቡ የታለ?"

ስንቱን ያሳፈርኩ ሰው፣ ስንት ሺሕ በቀን፣
በፒጃማ ያለች ልጅ አሳፈረችኝ እኔን።

ሐሙስ ደረሰና ጉኔል ፊት ቆምኩ፣ የአርባ ዓመት ጀማሪ፤
እሷ ስታነብ ከሥር ከሥር አልኩ፣ እንደ ቆሎ ተማሪ።
ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ ማንም ግን አልሳቀ፤
አንድ ሕፃን ብቻ አፉን ከፍቶ ሲሰማ ብስኩቱ ወደቀ።
ከዚያ በእርሳስ፣ ቀጠን አድርጌ፣ ከየመስመሩ ግርጌ፣
ድምፁን በኛ ፊደል ጻፍኩት፣ እንደ ሌባ ተሸሽጌ።

ያን ሌሊት አነበብኩ። ተኮላተፍኩ፤ እሷ ከንፈሬን በጣቷ አሞጠሞጠች፤
"እንዲህ ነው የሚባለው፣ አባዬ" አሳየች፣ ደገመች፣ ደገመች።
ቦቲው ተገኘ! ለካስ ከጓሮው ኖሯል፤
የጃርት ግልገል ክረምቱን ሊተኛ ገብቶበት፣ ቤት ሆኗል።
(ከኔ ጅብ ይሻላል፤ ልመን።)

ስንመልሰው ላጲስ ይዤ ነበር በኪሴ፤
"ቅጣቱ ስንት ነው?" አልኩ፣ እየተያያዘ ምላሴ።
ጉኔል ገጹን ወደ አምፖሉ አስጠጋች፤ ዝም አለች ጥቂት፤
"ላጲሱን መልሰው" አለች፤ ማኅተሟን መታችበት።

በሚያዝያ፣ በረዶው ቀልጦ ጥግ ጥጉን ብቻ ሲቀር፣
ያው መጽሐፍ እጃችን ገባ፣ ከርሞ በስንት ትራስ ሥር።
ከኔ እርሳስ አጠገብ፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚሄድ ጽሕፈት፤
ከሱም በታች በአረንጓዴ፣ የማላውቀው፣ ነጥቡ የበዛበት።
አንዱ ገጽ ላይ ደግሞ ጅብ አለ፣ ቦቲ ተጫምቶ።
ወደ ፍኖት ዞርኩ፤ ዓይኗ ጣሪያው ላይ ነው፣ ጉንጯ በሳቅ ተነፍቶ።

ጥጉን ዳሰስኩት። የድሮው ንክሻ እንዳለ ነው፤
ከጎኑ ግን ሌላ አለ፣ አዲስ፣ ገና እርጥበት ያለው፤
ሁለት ጥርስ ብቻ።