ያልተቆጠረ ሰዓት

ማክሰኞ ዕረፍቴ ነው። ከሆቴሉ ምድር ቤት፣
እርጥብ ፎጣ በደርዘን ከሚቆጠርበት፣
ወጥቼ፣ ገና ሳይነጋ፣
አቧራ የጠጣች መኪና ተሳፍሬ፣
ለሌላ ቆጠራ፣ ወደ ዮአሽ ጫፍ፣ እወጣለሁ ዛሬ።

ሦስት ነን። ኢታማር፣ ፂሙ ገና ያልጠና፤
ቫዲም፣ ጡረተኛ፣ ሮስቶቭ ላይ ሒሳብ ያስተምር ነበርና
ከሰላምታ በፊት ቁጥር ይጠይቃል፤
እኔ ደግሞ አለሁ፣ ዓይኔ ሩቅ ያያል።
«ዓይንሽ የገጠር ነው» ይለኛል ኢታማር፤
ከስድብና ከምስጋና መሃል የሚያድር።

ድንጋዩ እዚህ ከሰል ነው፣ እዚያ ደም የመሰለ፤
ሣር የሚባል ነገር ድሮም አልበቀለ፤
አንድ ግራር ብቻ፣ ከታች፣ ከሸለቆው፣
ጎንበስ ብሎ ቆሟል ነፋስ እንደናቀው።
ኤላት ገና ተኝታለች፤ ባሕሯ ቆርቆሮ ይመስላል።
ከጀርባችን አጥር ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ግብጽ፣
ማንም ያልጻፈበት የሚመስል ገጽ።

መጋቢት ነው። ፀሐይ ዓለቱን ስታግል
ሙቀት ይነሣል፣ የማይታይ መሰላል።
እሱን ይዘው ነው፣ ክንፍ ሳያወዛውዙ፣
ከደቡብ የሚመጡት፣ ሰሜን ሊጓዙ።
መጀመሪያ አንድ ነጥብ፤ የዓይን ጉድፍ ነው ስትል
ነጥቡ ነጥብ ይወልዳል፤ ሰማዩ ይፈላል።
እንደሚፈተል ክር ይዞራሉ፣ ይዞራሉ፣
ጫፍ ሲደርሱ ተፈትተው ይንሸራተታሉ።

አውራ ጣቴ ሥር ያለች ትንሽ ብረት
ቀጭ ትላለች፣ ቀጭ፣ አንድ ቀጭ ለአንድ ሕይወት።
ሰዓት በሞላ ቁጥር ዜሮ ትሆናለች፣
ያላትን ለወረቀት አስረክባ ታርፋለች።

እናቴ ይህን ብታይ እጄን ትመታኝ ነበር።
ልጅና ከብት አይቆጠርም፤ ያጎድላል ቁጥር።
«ስንት ወለድሽ?» ሲሏት «አሉ» ነበር መልሷ፤
ቁጥሩን የምታውቀው ማታ ነው፣ ለራሷ፣
መብራት ጠፍቶ ስንተኛ፣ በትንፋሻችን።
ሱዳን ላይ አንድ ትንፋሽ ጎደለ፣ ከመካከላችን፤
ከዚያ ወዲህ ቀድማ መተኛት ለመደች፣ ከሁላችን።

ይህን ለቫዲም አልነገርኩትም።
«አራት መቶ አሥራ ሁለት» አለ፤
«አራት መቶ ዘጠኝ» አልኩ እኔም።
ለሦስት አሞራ ተጣላን፤
እሱ በሩሲያኛ፣ እኔ በአማርኛ፤
ኢታማር በዕብራይስጥ «በቃ» አለን።

ወረቀቱን ድንጋይ ጭኜበት መነጽሬን አነሣሁ፤
ከኋላዬ ኮሽ አለ፤ ቫዲም ነው ብዬ ረሳሁ።
ዞር ስል፣ ያቺ ናት፤ ቁርጭምጭሚቷ ጥቁርና ነጭ፣
የጠዋቱን ቁጥር ሁሉ በመንጋጋዋ የምትፈጭ።
«ዋልያ!» ብዬ ጮኽኩ፤ ኢታማር «ያኤል» ሲል አረመኝ፤
በሁለቱም ስሟ አልሰማችም፤ እያኘከች አየችኝ።
ከጎኗ ግልገሏ፣ በሰኮናው ጫፍ፣
ከማይቆምበት ቆሟል፣ ገደሉ አፋፍ።

ቫዲም ሮጠ፣ አጨበጨበ፣ ቆቡን ወረወረ፤
በተረፈው ቁራጭ ላይ የወሩ ስም ብቻ ነበረ።
«እናስታውስ» አለ፣ «አራት መቶ አሥራ...»
«ዘጠኝ» አልኩ። ከዚያ በፊት ያለው ሰዓትስ?
ማናችንም ዝም።
ኢታማር አዲስ ቅጽ አወጣ፤ ብዕሩን ነከሰ፤
«ከሁለት እስከ አራት፣ ያልተቆጠረ» ብሎ ጻፈና ጨረሰ።

ቫዲም አኮረፈኝ። የጫንሽው ድንጋይ ትንሽ ነው አለ።
እውነቱን ነው። ትልቁም እዚያው ነበር፣ እጄ ሥር፣ እንዳለ።
ሻይ ቀዳልን ግን፤ ስኳሩን በጉንጭ ይዞ፣ እንደ አገሩ፤
እነሱም በላያችን አለፉ፣ በእንፋሎቱ ውስጥ፣ ሳይቆጠሩ።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ምድር ቤት ነኝ።
ሠላሳ አንሶላ፣ ስድሳ ፎጣ፤ የገባው ከወጣው ልክ ነው።
«ትናንት ስንት አሞራ አየሽ?» አለችኝ ለተብርሃን
ከማድረቂያው ማዶ።
«አሉ» አልኳት።
«ይኑሩ» አለች፤ በሩን በጉልበቷ ገፍታ ዘጋችው።