ያለውም የሌለውም

ሐምሌ ነው፣ ሞንቴቪዴዮም ይበርዳል፤
ነፋሱ ከወንዙ ተነስቶ መስኮቴን ያንኳኳል።
አለቃዬ ሩቤን፣ "ሁለቱን ሪፖርት ለሰኞ ስብሰባ
አዋህጂልኝ" አለ፤ "ውሉ በአንድ ጎን፣ ብልሽቱ በሌላው ይግባ።"

ሊፍት ነው የምንጠግነው።

ሁለት ሠንጠረዥ ዘርግቼ በደንበኛው ቁጥር ሰፋኋቸው፣
እንደ ተቀደደ አንሶላ ጠርዝ ለጠርዝ አጋጠምኋቸው፤
የገጠመ ገባ፣ ያልገጠመ ወጣ፤
ማሽን ይግባኝ አይሰማ፣ ቢሟገቱት አይቆጣ።

አራት መቶ አሥር ረድፍ፤ አማረ፣
አንድ ድምፅ ግን ጆሮዬ ላይ ቀረ፦
ዶኛ ኤልሲራ፣ አምስተኛ ፎቅ፤ በዚህ ወር አሥራ አንዴ ደወለች፤
"ልጄ፣ ሊፍታችሁ ዛሬም ቆመ" አለች።
ደረጃው ዘጠና ሁለት ነው፣ ቆጥራዋለች፤
ሰባ ስድስተኛው ላይ ቁጭ ብላ ታርፋለች።

ውሉ በሕንፃው ስም ነው፤ የሷ ፊርማ የለበትም።
ስለዚህ፣ ይላል ሪፖርቱ፣ ኤልሲራ የለችም።
ደንበኛ አይደለችም፤
ችግሯ ግን ደንበኛ ነው።

ተመልሼ ገባሁ። ከማያያዣው ግርጌ
ማንም የማይነካት አንዲት ምርጫ አለች፤
"ያለውም የሌለውም ይካተት" ትላለች።
ነካኋት።

ሠንጠረዡ መልኩ ጠፋ፤ እንደ ሽማግሌ ጥርስ
እዚህም እዚያም ባዶ።
እሷም ከመሃል ብቅ አለች፤
በስተቀኟ አሥራ አንድ፣ በስተግራዋ ምንም።

ሰኞ ሩቤን፣ "ይሄን ሁሉ ባዶ ምን አመጣው?" ይል ይሆናል።
መልስ አላዘጋጀሁም።
ስልኩ ጮኸ፤
ሳላነሳው አሥራ አንዱን አጥፍቼ
አሥራ ሁለት ጻፍኩ።